«ወዴት?» ያልተባለበት ክርክር

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ክርክርን ስናስተምር የምንሰጠው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል?» የሚለው ነው። ተማሪው ርእሱን ሰምቶ ሳይጨርስ ምን እንደሚል ያውቀዋል። እኔ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከዚህ ልማድ ወጣ ብዬ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ በ2016 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተደረገውን ክርክር ለክፍሌ አቀረብሁ። ማን ትክክል ነበር ለማለት አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች እንዴት ተናገሩ፣ በምንስ አሳመኑ የሚለውን ለመመርመር ነው እንጂ።

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የታተመው ጥያቄ አጭር ነበር። አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ትቆይ ወይስ ከኅብረቱ ትውጣ? የሚል ነው። መጀመሪያ የታሰበው «አባል ሆና ትቆይ?» የሚለው ብቻውን ተጽፎ ሕዝቡ «አዎን» ወይም «አይሆንም» እንዲል ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ግን ይህ አጠያየቅ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ብሎ በ2015 «ትውጣ» የሚለውም ቃል እንዲገባ አስደረገ። ይህን ያህል የተጠነቀቁለትን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ስጽፍ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ወጥታ ወዴት?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ፤ ወረቀቱም መልስ የለውም።

ከሁሉ የገነነው ንግግር በምክር ቤት የተነገረ ሳይሆን በአንድ ቀይ አውቶቡስ ጎን የተጻፈ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን፤ በዚህ ፈንታ የጤና አገልግሎታችንን እንርዳበት ይላል። ተማሪዎቼ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ለያይተው እንዲመረምሩ አዘዝኋቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው ብሎ የሚነግር ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ብሪታንያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚደረግላት ቅናሽ ነበር፤ ገንዘቡም ከመላኩ በፊት ይቀነስ ስለ ነበር የሚላከው በሳምንት ወደ 250 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያም ላይ ለገበሬውና ለልዩ ልዩ ሥራ ተመልሶ የሚመጣ አለ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አኀዙ አሳሳች መሆኑን ገና ክርክሩ ሳያልቅ ገልጾ ነበር። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የባሰ ብልኀት አለበት። «እንርዳበት» ምክር ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም፤ በኋላ ቢጠየቁ «እኛ እንሰጣለን አላልንም» ለማለት ያስችላል። ሰሚው ግን ቃል ኪዳን አድርጎ ነው የሰማው። ተቃዋሚዎቹም «350 አይደለም፣ 250 ነው» እያሉ በየመድረኩ ሲመልሱ አኀዙን ራሳቸው አስተዋወቁት። ለሕዝቡ 250 ሚሊዮንም ቢሆን ብዙ ነውና።

ስለ መፈክሩ እውነቱን እንናገር ከተባለ «ሥልጣናችንን መልሰን እንያዝ» የሚለው የ«ትውጣ» ወገን አባባል እንደ ንግግር ግሩም ነው። ጉልበቱ ያለው «መልሰን» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ የራስህን ወስደውብሃል ማለት ነውና። የ«ትቆይ» ወገን ይህን የሚወዳደር አንድ ግሥ እንኳ አላገኘም። እሱ ያቀረበው ፍርሃትን ነው። የገንዘብ ሚኒስቴሩ በኤፕሪል 2016 አገሪቱ ብትወጣ በ2030 እያንዳንዱ ቤተሰብ 4,300 ፓውንድ ይጎድልበታል አለ። ይህ ከጠቅላላው የአገር ምርት የሚታጣው ለቤተሰቦች ቍጥር ተካፍሎ የተገኘ እንጂ ከአንድ ሰው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም። በወሩም ድምፁ «ትውጣ» ከሆነ ኢኮኖሚው ወዲያው ያሽቆለቍላል ተባለ፤ በዚያ ዓመት ግን አላሽቆለቆለም። ከጊዜ በኋላ የመንግሥቱ በጀት ገምጋሚ ቢሮ መውጣቱ በረጅም ጊዜ ምርታማነትን በመቶ 4 ያህል ይቀንሳል ብሎ ገምቷል። ነገር ግን አስቀድሞ ተኵላ ሳይመጣ «ተኵላ መጣ» የተባለበት መንደር ነበርና ማን ይስማ?

እዚህ ላይ የእኛን የጥንት ሙግት አስታወስሁ። በ«በላ ልበልሃ» ጊዜ ተከራካሪው ዋስ ይጠራል፤ «ይህ እንዲህ ነው» ሲልም በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። አንደበቱ የቱንም ያህል ቢያምር የተናገረው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ውርርዱን ይከፍላል። የ2016ቱ ክርክር ዋስ አልነበረውም። በ2019 አንድ ግለሰብ በአውቶቡሱ አኀዝ ምክንያት ቦሪስ ጆንሰንን ለመክሰስ ሞክሮ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጥሪያውን ሻረው። ጆንሰን በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ጆርጅ ኦዝቦርንም ስለ ግምቱ ማር የከፈለ አይመስለኝም።

ይህን ስል ግን ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ተታለለ ብቻ ማለቴ አይደለም። ይህ የሰነፍ ትችት ነው፤ ከተማሪዎቼም ብዙዎቹ ወዲያው የጻፉት ይህንኑ ስለ ነበር መልሼላቸዋለሁ። በምሥራቅ እንግሊዝ ቦስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋ የአትክልት እርሻ ነው፤ ከ2004 በኋላም ከፖላንድ፣ ከሊትዌንያና ከመሳሰሉት አገሮች ብዙ ሠራተኞች ገብተውባታል። እዚያ ከመቶ 75.6 ድምፅ «ትውጣ» ሆነ። በለንደን ከተማ በላምቤት ክፍል ደግሞ ከመቶ 78.6 «ትቆይ» አለ። የቦስተን ሰው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ትምህርት ቤት መጣበብ ሲናገር፣ የ«ትቆይ» ወገን የሚመልስለት ስለ ጠቅላላው የአገር ምርት ነበር። ያልተጠየቀውን የሚመልስ ተማሪ ስንት ነጥብ እንደምንሰጠው መምህራን እናውቃለን።

ጁን 23 ቀን 2016 ከመቶ 51.9 «ትውጣ»፣ 48.1 «ትቆይ» ሆነ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ «ትቆይ» ብለው ነበር። ሰሜን አየርላንድ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ወሰን አላት፤ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህም ኬላው ጠፍቶ ነበር። አንዱ አገር ከኅብረቱ ሲወጣ ሌላው ሲቀር ይህ ወሰን ምን ይሆናል? ጆን ሜጀርና ቶኒ ብሌር፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከተቃራኒ ፓርቲ፣ ድምፁ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዴሪ ድረስ ሄደው ይህንኑ አስጠነቀቁ። አውቶቡሱን ያህል ሰሚ አላገኙም።

የተማሪዬ «ወዴት?» የተጠየቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከኅብረቱ ጋር የተዋዋለችውን ስምምነት ምክር ቤቱ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 በ432 ድምፅ ተቃውሞ በ202 ድጋፍ ጣለው። እሷም ሁለት ጊዜ መልሳ አቀረበች፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። ማርች 27 ቀን እንደራሴዎቹ እንግዲህ እኛው መንገድ እንፈልግ ብለው ስምንት አማራጮች አቀረቡ። በጋራ ገበያው ውስጥ መቆየት፣ የጉምሩክ ማኅበር ማቋቋም፣ ያለ ስምምነት መውጣት፣ እንደ ገና ሕዝቡን መጠየቅ፣ ሌላም ሌላም። በየአንዳንዱ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ከስምንቱ አንዱም አላለፈም።

ይህን ለክፍሉ ባነበብሁ ጊዜ ያ ልጅ እጁን አላነሣም፤ ስምንቱን ብቻ በደብተሩ ላይ በተራ ጻፋቸው።