ያልሰመረችው ክብ፦ መብትና ብሔርተኝነት በሉ ሹን ድርሰት

በቻይና የፖለቲካ አስተሳሰብ መብትና ዲሞክራሲ ወደ መድረክ የወጡት አገርን ከውድቀት ከማዳን ጥያቄ ጋር ተቆራኝተው ነው። ሊያንግ ቺቻው እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ስለ «አዲሱ ዜጋ» በጻፋቸው መጣጥፎች፣ መብቱን የማያስከብር ሕዝብ ጠንካራ አገር ሊኖረው አይችልም ሲል አስተማረ። ዳሩ ግን በ1903 አሜሪካን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ሕዝቡ ለሪፐብሊክ አልበሰለም ወደሚለው አዘነበለ። መብት የአገር ማጠንከሪያ መሣሪያ ብቻ ከሆነ «ለጊዜው ይቆይ» ማለት አያስቸግርምና!

የዚህን አስተሳሰብ ጉድለት ደራሲው ሉ ሹን አጉልቶ አሳይቷል። ከ1921 መገባደጃ እስከ 1922 መጀመሪያ በቤጂንግ ጋዜጣ በተከታታይ የወጣው «የአ ኪው እውነተኛ ታሪክ» ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ቤት የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው። ተደብድቦም በልቡ ያሸነፈ ይመስለዋል። ብዙ ሐያስያን በዚህ የብሔር ደዌ ላይ ያተኩራሉ፤ የድርሰቱ ብርታት ግን በፍርዱ ትዕይንት ላይ ነው። የ1911 አብዮት ደርሷል፤ ሹመኞቹ የማዕረግ ስም ለውጠው በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። አ ኪው ባልፈጸመው ዘረፋ ተይዞ ወረቀት ይቀርብለታል። ፊደል አያውቅምና በፊርማ ፈንታ ክብ እንዲስል ይታዘዛል። ክቧ እንደ ሐብሐብ ፍሬ ሞላላ ሆና ትቀራለች፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

ሊያንግ በዚህ ሰው ላይ ያልበሰለ ዜጋ ባየ ነበር። ሉ ሹን ወረቀቱን ያቀረበውን እጅ ጭምር ያሳያል። እርግጥ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ምፀቱ አልፎ አልፎ ከባላባቶቹ ሣቅ ጋር ይቀላቀላል፤ ይህ የድርሰቱ እንከን ነው። መጨረሻው ግን ሣቅ የለበትም። መንደርተኛው «ጥፋተኛ ባይሆን መች ይረሸን ነበር?» ይላል፤ ከተሜው ደግሞ ጥይት እንደ አንገት መቁረጥ ለዓይን አይጥምም ብሎ ቅር ይሰኛል።