ሳይቃጠል በቅጠል፦ «የዕድገት ወሰን» እንደገና ሲነበብ

አንዳንድ መጻሕፍት ሳይነበቡ ይወገዛሉ፤ ሳይነበቡም ይሞገሳሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመው «የዕድገት ወሰን» ከእነዚህ አንዱ ነው። ዶኔላ ሜዶውስ፣ ዴኒስ ሜዶውስ፣ ዮርገን ራንደርስና ዊልያም ቤረንስ ለሮም ክለብ ያዘጋጁት ይህ ሪፖርት ወደ 30 በሚጠጉ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ዛሬ ያነሣሁት አሮጌ ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። መጽሐፉ የተሠራበት ስልት፣ «ሲስተም ዳይናሚክስ» የሚባለው፣ የመንግሥታት ልማት ዕቅድ መምሪያ ሆኖ ወደ አህጉራችን ስለገባ ነው። ሚሌኒየም ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት «ትሬሾልድ 21» የሚለውን ሞዴል ኬንያን ጨምሮ ለበርካታ አገሮች አዘጋጅቷል። ልጁን ለማወቅ እናቱን መጠየቅ ነውና ወደ ምንጩ እንመለስ።

ስልቱን የፈለሰፉት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ጄይ ፎረስተር ናቸው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ጋን ላላት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። በጋኑ ያለው ውሃ ክምችት ነው፤ በእንስራ የሚጨመረው ገቢ፣ በቅል የሚጨለፈው ወጪ ነው። ቅሉ የጋኑን ወለል ሲነካ ወደ ወንዝ መውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን ወንዙ ሩቅ ነው። ጥማትና ውሃ መካከል ያለው ይህ መዘግየት የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ነው። ደራሲዎቹ የሕዝብን ብዛት፣ ምግብን፣ ኢንዱስትሪን፣ የተፈጥሮ ሀብትንና ብክለትን በአንድ ሞዴል አስተሳስረው ከ1900 እስከ 2100 ያለውን ጉዞ በኮምፒዩተር ተከታተሉ። አካሄዱ ካልተለወጠ ዕድገት በመቶ ዓመት ውስጥ ወሰኑን ይነካል፤ ከዚያም በድንገት ያሽቆለቁላል አሉ።

መጽሐፉ የተሳካለት እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ሒሳብ አስተምር በነበረበት ጊዜ «በዓመት 3 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች 100ን ለ3 አካፍለው «33» ይሉኝ ነበር። መልሱ ወደ 23 ዓመት ገደማ ነው። የአሥሩ ዓመት ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀላል ስሕተት ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለእርሻ መሬትና ለውሃ ግን አንድ ሙሉ ትውልድ አጣብቂኝ ውስጥ የሚገባበት ልዩነት ነው። በአገራችን ቆጠራ በ1994 እ.ኤ.አ. 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ2007 እ.ኤ.አ. 74 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። አንዲት እናት የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ2005 ከነበረበት 5.4 በ2016 ወደ 4.6 ቢወርድም የነገ እናቶች ዛሬ ተወልደዋልና ብዛቱ ወዲያው አይቆምም። መዘግየት ማለት ይህ ነው።

በመጽሐፉ ላይ የተወራውን ሁሉ ግን ልንቀበል አይገባም። «ነዳጅ በ1992 ያልቃል ብሎ ተሳሳተ» የሚሉት ሰንጠረዡን በሙሉ አላነበቡም። 20 ዓመት የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ የታወቀው ክምችት ብቻ ቢኖርና ፍጆታው እያደገ ቢሄድ የሚል ስሌት ነበር፤ ክምችቱ አምስት እጥፍ ቢሆን ደግሞ 50 ዓመት የሚል ቁጥር እዚያው አጠገቡ ተጽፏል።

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። አንደኛ፣ ሞዴሉ ዓለምን በሙሉ በአንድ ድስት ቀቅሎታል። የወሎ ገበሬና የዲትሮይት ፋብሪካ ባለቤት በአንድ አማካይ ቁጥር ውስጥ ጠፍተዋል። ደራሲዎቹ ይህን ራሳቸው አልሸሸጉም፤ ሆኖም አማካይ ሰው በየትም አገር አይራብም፤ የሚራበው ስም ያለው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በ1973 የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እንዳሳዩት፣ መነሻ ግምቶቹ ሲለወጡ ውጤቱም ይለወጣል። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ በሞዴሉ ውስጥ ሥልጣን የለም። ማን ያዛል? ማን ይጠየቃል? የሚል ቀስት አልተሣለም።

የሐረማያን ሐይቅ ተመልከቱ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስቡታል፤ ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ደለል ደግሞ ሆዱን ይሞላዋል። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት ሐይቁ ደረቀ፤ ከተማይቱም ውሃ ከሩቅ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ ቢጀምርም፣ ትምህርቱ አይረሳም። የመጠጥ ውሃን የሚያስብ ስለ ቧንቧው፣ እርሻን የሚያስብ ስለ ፓምፑ፣ አፈርን የሚያስብ ስለ እርከኑ ያስባል፤ ሐይቁ ግን አንድ ነው። ሦስቱን በአንድ ወረቀት የሚያስተሳስር ሞዴል በዚህ ይጠቅም ነበር። ነገር ግን የውሃውን መጉደል ለማየት ኮምፒዩተር አላስፈለገም፤ ዳርቻው ሲሸሽ ሁሉም ያይ ነበር። የጎደለው ለገበሬው ሌላ መተዳደሪያ ሰጥቶ «በቃ» የሚል፣ ባይልም የሚጠየቅ አካል ነው።

ስለዚህ አንድ መንግሥት «ሞዴሉ እንዲህ አለ» ሲለን ሞዴል አይናገርም ብለን እንመልስ። የሚናገሩት ግምቶቹን ያስገቡት ሰዎች ናቸው። ግምቶቹ በሕዝቡ ቋንቋዎች ይገለጡ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህሩም፣ ገበሬውም ይሟገቱባቸው። ዶኔላ ሜዶውስ ራሳቸው በ1999 በጻፉት ጽሑፍ አንድን ሥርዓት መለወጫ 12 ቦታዎችን ሲደረድሩ፣ ቁጥሮችን መነካካት ከሁሉ ደካማው፣ የሥርዓቱን ዓላማና አስተሳሰብ መለወጥ ከብርቱዎቹ መሆኑን አስረድተዋል። ለመጀመሪያው መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ እርማት አላውቅም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለውናል። «የዕድገት ወሰን» እሳቱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚፈጥን ያሳያል። ቅጠሉን ማን እንደሚይዝ ግን አይነግረንም፤ ያ የእኛው ፈንታ ነው።