ፉርጎው ስለ ምን ቆመ?

የሞዴል ባቡር ሥራን በቅርቡ የጀመረ አንድ ወጣት፣ እዚሁ ሜሪላንድ ከሚኖርበት ቤት ሥር ባለው ምድር ቤት ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ጣቢያዎቹንና ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ በኮምፒዩተር መዝግቦ ከጨረሰ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ይህን ፉርጎ ለባቡሩ አልሰጥም አለኝ፤ ሁሉን ነገር አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ከእርሱም በፊት ብዙዎች ጠይቀውኝ፣ ብዙዎችም ማንንም ሳይጠይቁ መዝገባቸውን አጥፍተው የደከሙበትን ሁሉ ስላጡ፣ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ ወደድሁ። የምጽፈው ሐዲድ እንዴት እንደሚዘረጋና ፉርጎ እንዴት እንደሚመዘገብ ለሚያውቁ ነውና ወደዚያ አልመለስም።

የጭነት ባቡርን በሥርዓት ማሠራት፣ ይኸውም እያንዳንዱ ፉርጎ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሚሄድበት ምክንያት እንዲኖረው ማድረግ፣ በአሜሪካ የቆየ ታሪክ አለው። ፍራንክ ኤሊሰን በ1944 እ.ኤ.አ. «ሞዴል ሬይልሮደር» በተባለው መጽሔት ባወጣቸው ጽሑፎች ሐዲዱን በቲያትር መድረክ፣ ባቡሮቹን በተዋንያን፣ የሰዓት ሠሌዳውን በድርሰቱ መስሎ ካስተማረ ወዲህ፣ ባቡርን በክብ ሐዲድ ላይ ማዞር ብቻውን ብዙዎችን ማርካቱ ቀረ። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳግ ስሚዝ በዚያው መጽሔት የካርዱን ዘዴ አስተዋወቀ፤ በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ካርድ ይሠራለታል፣ በካርዱም ላይ መድረሻውን የሚናገር የጭነት ወረቀት ይደረግበታል። ዛሬ ይህንኑ ሥራ፣ በነጻ የሚታደለው ጄ.ኤም.አር.አይ. የተባለው ፕሮግራም ኦፕሬሽንስ በሚባለው ክፍሉ ይሠራዋል፤ ፉርጎዎቹን ይመርጣል፣ መድረሻቸውን ይወስናል፣ ለባቡሩ ሠራተኞች የሚሰጠውንም ዝርዝር ያወጣል።

እንግዲህ ፕሮግራሙ አንድን ፉርጎ አልሰጥም ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘገባውን ማንበብ። ፕሮግራሙ ባቡር ባዘጋጀ ቁጥር፣ ለሠራተኞቹ ከሚያወጣው ዝርዝር ሌላ፣ ውሳኔዎቹን ከነምክንያታቸው የሚተርክ ዘገባ ይጽፋል፤ ይህም ዘገባ ከአጭሩ እስከ እጅግ ዝርዝሩ በደረጃ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ችግር የሚመረምር ሰው ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ ሊያደርገው ይገባል። ገጹ ይበዛል፣ ዓይንም ያደክማል፤ ነገር ግን ፉርጎው የታለፈበት ምክንያት የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ንባቡ ያልቀናለትን ተማሪ ወደ ትርጓሜ እንደማያሳልፉት ሁሉ፣ ዘገባውን ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው ያላነበበ ሰውም ስለ ፉርጎው መቆም ግምት ለመስጠት አልበቃም ባይ ነኝ።

ከወጣቱ ጋር ተቀምጠን የዘገባውን ደረጃ ከፍ አደረግንና ባቡሩን እንደገና አዘጋጀነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ የፉርጎውን ቁጥር ከያዘው መሥመር ሲደርስ፣ ፉርጎው ለሌላ ባቡር የተመደበ መሆኑን የሚናገር ቃል አገኘ። ያ ሌላ ባቡር ባለፈው ጊዜ ወዳጆቹ ተሰብስበው ሳለ የተዘጋጀ፣ ነገር ግን ስለ መሸባቸው ጉዞው ሳይጠናቀቅ የቀረ ነበር። እነርሱ ረስተውታል፤ በመዝገቡ ግን ገና በመንገድ ላይ ስለ ሆነ፣ የተመደቡለትን ፉርጎዎች ይዞ፣ በሚደርሱበትም ሐዲድ ላይ ቦታ አስይዞላቸው ይጠብቃል። ወጣቱ ያን ባቡር በሐዲዱ ላይ እስከ መድረሻው ነድቶ፣ በመዝገቡም ጉዞውን ሲዘጋው፣ ፉርጎው ለሚቀጥለው ባቡር ነጻ ሆነ። ሁሉን አጥፍቶ ቢጀምር ኖሮ ፉርጎው ያለ ጥርጥር ይንቀሳቀስለት ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ስለሚቀር፣ ሌላ ቀን ሌላ ባቡር በመንገድ ላይ ትቶ እዚያው ችግር ውስጥ ተመልሶ ይገባ ነበር። አጥፍቶ መጀመርን አጥብቄ የምቃወመው ስለዚህ ነው፤ ከስሕተቱ ጋር የስሕተቱንም ማስረጃ ያጠፋልና።

በዚህ ነገር ከእኔ ጋር የማይስማማ አንድ የቆየ አሜሪካዊ ወዳጅ አለኝ። እርሱ ከስሚዝ ካርድ ሌላ አያምንም፤ ካርድ ለማንም ሰው እንቢ ብሎ አያውቅም ይላል። አንድ ጊዜ ግን ፕሮግራሙን ልሞክረው ብሎ ጣቢያዎቹን ከመዘገበ በኋላ፣ ለዱቄት ፋብሪካው የተገነጠለው ሐዲድ አምስት ፉርጎ የሚይዝ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ አራት ብቻ ይልክበታል፣ ስለዚህ መቁጠር እንኳ አይችልም ብሎ ተከራከረኝ። የእርሱ ባቡር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ፣ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሐዲድ 200 ጫማ ብሎ መዝግቦታል፤ እያንዳንዱ ፉርጎ 40 ጫማ ነውና አምስቱ 200 ይሆናሉ፣ ሒሳቡም የሞላ ይመስላል። ዘገባውን ስናነብ ግን ቦታው እንደማይበቃ ይናገራል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ፉርጎና ፉርጎ የሚያያዙበትን መቆለፊያ አስቦ በእያንዳንዱ ላይ 4 ጫማ ስለሚጨምር፣ አራቱ 176፣ አምስቱ 220 ጫማ ይሆናሉ። ተነሥተን ወደ ሐዲዱ ሄድንና አምስቱን ፉርጎዎች በእጃችን ገፍተን አስገባናቸው። የመጀመሪያው ከሐዲዱ መጨረሻ ጋር ተጋጥሞ ሳለ፣ የአምስተኛው ግማሽ አካል ከመቀየሪያው ላይ ወጥቶ ዋናውን መሥመር ዘግቶት ቆመ።

ወዳጄ ይህን አይቶ፣ አምስተኛው ፉርጎ እንደማይገባ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ካርዱ አምስት ቢያዝም በቦታው ያለው ሰው ያስቀረዋል፣ የእውነተኛው ባቡር ሠራተኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው አለኝ። ቃሉ እውነት አለበት፤ አልክደውም። ነገር ግን በባለቤቱ ኅሊና ብቻ ተሰውሮ የሚኖር ዕውቀት፣ ሐዲዱን ከዚያ ቀን በፊት አይቶት ለማያውቅ እንግዳ ምን ይጠቅመዋል? ካርዱ እንቢ የማይለው ስለ ሐዲዱ አንዳች ነገር ስለማያውቅ ነው። ወዳጄም ይህን ዝምታ እንደ በጎነት ሊቈጥርለት አይገባም።

ከዚህ ሌላ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያደናግረው የአቅጣጫ ነገር ነው። አቅጣጫ በጣቢያው፣ በእያንዳንዱ ሐዲድ፣ በባቡሩም መንገድ ላይ ለየብቻው ስለሚመዘገብ፣ ባቡሩ በዚያ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል ተብሎ ተጽፎ፣ ሐዲዱ ግን ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱ ባቡሮች ብቻ የተፈቀደ ከሆነ፣ ፉርጎው እስከ ዕለተ ምጽአት አይነሣም። ይህም በዘገባው ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለመጫወቻ ነው ወይ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ጄ.ኤም.አር.አይ.ን የጀመረው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ቦብ ጄከብሰን መሆኑን፣ የዚሁም ፕሮግራም ጉዳይ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በነጻ የታደለ ፕሮግራም የሚታደልበት ውል በደራሲነት መብት ሕግ ሊጸና የሚችል መሆኑ በ2008 እ.ኤ.አ. እንደ ተፈረደ እነግረዋለሁ። በምድር ቤት የሚነዳ ትንሽ ባቡር ለዓለም የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ የሚተርፍ ፍርድ አስገኘ።

እኔ ግን ይህን ሥራ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ያደግሁት ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. በደረሰ ጊዜ በተቈረቈረችው በድሬዳዋ ነው፤ አባቴም በዚያው በምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ። በጣቢያው የቆሙትን ፉርጎዎች ቁጥር በመዝገብ ሲያሰፍሩ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ፉርጎው የቆመበትን ምክንያት ይጽፉ ነበር፤ ጭነት እስኪራገፍ፣ መንኰራኵር እስኪጠገን፣ የጉምሩክ ወረቀት እስኪመጣ እያሉ። ምክንያቱ ያልታወቀ ፉርጎ ካለ ያን ምሽት ዘግይተው ወደ ቤት ይመጣሉ። እኔ ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ ሥራም ሆነ ፈቃድ ለመጠየቅ በገባሁባቸው ቢሮዎች የተቀበልሁት እንቢታ ብዙ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኛው ማመልከቻዎ አልተፈቀደም ከሚል አንድ መሥመር በቀር ምንም አልነበረበትም። ስለ ምን እንደ ሆነ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ፣ ምሽት ከሥራ ገብቼ ከዚህ ፕሮግራም ፊት ስቀመጥ፣ አንዲት ፉርጎ ስለ ከለከለኝ ምክንያቱን በረጅሙ ጽፎ፣ እያንዳንዱን ሐዲድ መርምሮ፣ ይህ ስለዚህ አልሆነም፣ ያም ስለዚያ አልሆነም እያለ ሲነግረኝ፣ እንደ ሰው የተከበርሁ መሰለኝ። ያን ዘገባ ሳያነብ የሚጥል ሰው ሳይ የማዝነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፉርጎ የቆመባችሁ ሁሉ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጡ፤ ዘገባውን ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ከቆሙት መካከል አንዱን ፉርጎ ብቻ መርጣችሁ ቁጥሩን ከመሥመር ወደ መሥመር ተከተሉ። አንብባችሁ ካልገባችሁ ወደ እኔ ኑ፣ እስከ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አብሬአችሁ እቀመጣለሁ፤ ነገር ግን ዘገባውን አትማችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ዘገባ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ አልሰጥም።