ተራኪው የት ቆሟል?

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ አንድ ፊልም አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይህን ካላዩ ምንም አላዩም» ብሎ። ልጁ ውኃ መጥለቅ መማር ጀምሯል። (አባቱ እኮ ላንጋኖ ዳር ውሎ እግሩን ሳያረጥብ የሚመለስ ሰው ነው!)

ፊልሙ የተነሣው በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ማይክሮኔዥያ ውስጥ ባለችው ቹክ ነው። በቀድሞ ስሟ ትሩክ ትባል ነበር። በየካቲት 1936 ዓ.ም. አሜሪካኖች በሁለት ቀን ድብደባ አርባ ገደማ የጃፓን መርከቦችንና ከሁለት መቶ በላይ አውሮፕላኖችን ያወደሙባት ናት። ጠላቂው ወደ ሃያ ሜትር ግድም ወርዶ «ቤቲ» የሚባለውን ቦምብ ጣይ ያገኘዋል። አፍንጫው ተሰባብሯል፤ ሞተሮቹ ተገንጥለው ከፊቱ ርቀው ወድቀዋል። ክንፉ ላይ ኮራል በቅሏል። ሆዱ ውስጥ ዓሣ ይርመሰመሳል። ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው።

ውበቱን አልክድም። ተራኪው ስለ ውኃው ጥራት፣ ስለ ዓሦቹ ዓይነት፣ ስለ ካሜራው መብራት ሳይሰለች ይነግረናል። እንዲህ ባለው አውሮፕላን ሰባት ሰዎች ያህል ይሳፈሩበት እንደነበር ግን ትንፍሽ አይልም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ተራኪው የት ቆሞ እንደሚያይ ነበር። ይኼኛው የቆመው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ለእሱ አውሮፕላኑ ሲፈጠርም የዓሣ ቤት ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ ቹክ ላይ ሆኖ ልቤ ኮሞሮስ ሄደ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች አውስትራሊያ ውሰዱን ያሉት የእኛው ቦይንግ 767 ነዳጅ ጨርሶ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ካሜራማን መሐመድ አሚንም አብሮ ሞተ። እሱ የሞተበትን አደጋ ደግሞ አንዲት የባሕር ዳርቻ ቱሪስት፣ የአየር ትርኢት መስሏት ቀረጸችው።

ያን ፊልም ስንቴ ደጋግመን አየነው! የግራ ክንፉ ውኃውን ሲነካ፣ ሲገለበጥ፣ ሲበጣጠስ። መቼም ማየት አይሰለቸንም። የኮሞሮሱ ፊልም ከቹኩ የሚሻለው የተቀነባበረ ስላልሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዋናውን አላየም። ብዙዎቹ ያለቁት አውሮፕላኑ ውኃውን ሲመታ አልነበረም። የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ውኃው ሽቅብ እየገፋ ጣሪያው ሥር አስቀራቸው። ከባሕሩ ዳር ይህ አይታይም። ቀርበው ያዩት በጀልባ የደረሱት የደሴቲቱ ሰዎችና እዚያው ለመዝናናት የመጡ ጠላቂዎች ናቸው። እነዚህ እንኳን ለጉብኝት አልነበረም የሄዱት።

ለልጁ ይህን ሁሉ አላልኩትም። «ድምፁን አጥፋና ከመጀመሪያው አምጣው» አልኩት ብቻ።

አጠፋው። ጠላቂው ከቤቲ ጎን ባለው ቀዳዳ ሲገባ ልጁ ፊልሙን አቆመና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ያኔ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው?»