የስም ጉዳይና የእውነት ጉዳይ፦ ድኅረ ዘመናዊነት በጅማ ታሪክ ሲመዘን

«ማንነት ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው፤ ታሪክም የኃያላን ትረካ ነው» የሚለው የድኅረ ዘመናውያን አስተሳሰብ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ በሚመለሱ ደረሶቻችን አንደበት ይሰማል። ኡስታዙም ኢማሙም መልስ ይጠየቃሉ። መልሱን ከሩቅ ከመፈለግ ሐሳቡን በራሳችን አገር ታሪክ መፈተን ይሻላል። ለዚህም የኸርበርት ሉዊስ ሥራዎች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሉዊስ ከ1958 እስከ 1960 በጅማ ጥናት አካሂዶ፣ ከ1830 እስከ 1932 ስለቆየው የአባ ጅፋር መንግሥት በ1965 መጽሐፍ አሳተመ። ይኸው ሰው በ2014 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ለሙያው ጥብቅና ቆሟል፤ የቀደሙትን አጥኚዎች በጅምላ የቅኝ ገዢ መሣሪያ የሚያደርገው ሒስ የጻፉትንና የሠሩትን ያዛባል ሲል ይሞግታል።

ሆኖም ሐያስያኑ ያለ ምክንያት አልተነሡም። የ1965ቱ መጽሐፍ በርዕሱ ላይ የያዘው ኦሮሞዎች ራሳቸውን የማይጠሩበትን፣ በአዋራጅነት የሚታወቀውን ስም ነበር። ስሙ በዘመኑ ጽሑፎች የተለመደ መሆኑ የሐያስያኑን ነጥብ ያጠናክራል፦ የሥልጣን ቋንቋ ቅን ተመራማሪን እንኳ ያለ ክፋት ይማርካል። መጽሐፉ በ2001 ዳግም ሲታተም ርዕሱ «የኦሮሞ መንግሥት» በሚል ተስተካከለ። በክፉ ስም መጠራራትን በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ለተከለከልን ለእኛ ይህ እርማት እንግዳ አይደለም።

ጥያቄው ግን እርማቱ በምን ላይ ቆመ የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ሊዮታር በ1979 ድኅረ ዘመናዊነትን በታላላቅ ትረካዎች ላይ እምነት ማጣት ሲል ገልጾታል። ይህ እምነት ማጣት እስከ እውነት ድረስ ከተዘረጋ ግን የቀድሞው ስም ሐሰት መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ትረካ ብቻ ይሆናል። የተበደለ ሰው «ተበድያለሁ» ለማለት ከትረካ በላይ የሆነ እውነት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ስሕተት በታሪክ የተገኘን ነገር እንደ ሐሰት መቁጠር ነው። የጅማ ነገሥታት እስልምናን የተቀበሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። የጊዜው መታወቅ እምነቱን ፈጠራ አያደርገውም። ሶሐቦችም የሰለሙበት ቀን ነበራቸው፤ ስለዚህ ኢማናቸው ሰው ሠራሽ ነበር የሚል የለም። በሑጁራት 13ኛው አንቀጽም ሕዝብና ጎሣ መሆን መተዋወቂያ ነው፤ አይካድም፣ የክብር ሚዛንም አይደለም።

በዚህ ረገድ ሙሐዲሶች ከሁለቱም ወገን የተሻለ መንገድ አስተምረውናል። በጀርሕ ወተዕዲል ተራኪው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ፣ ወዴት እንደሚያዘነብል ይመረምራሉ። ምርመራው ግን «ሁሉም ትረካ እኩል ነው» በሚል አያበቃም፤ ሶሒሑን ከደዒፉ ይለያል።

የሉዊስ መጽሐፍ ትኩረቱ የመንግሥቱ አስተዳደር ነው። በጅሬን፣ በአጋሮና በሊሙ ያስተማሩ ዑለማእ ታሪክ በዚያ መጽሐፍ ተሟልቶ እንዲገኝ መጠበቅ አይገባም፤ እርሱ የእኛ ዕዳ ነው። ሽማግሌዎችን ጠይቀን፣ የእያንዳንዱን ቃል ሰነድ መዝግበን፣ ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር አመሳክረን ካልጻፍነው፣ ሌሎች በሰጡን ስም መጠራታችንን ለመውቀስ ያለን መብት የሳሳ ይሆናል።