ጥርጣሬ ጤና በሆነበት ስፍራ

ሩት ሬንዴል እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው «ኤ ጀጅመንት ኢን ስቶን» ገዳይዋን ከነምክንያቷ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ታስታውቀናለች። ዩኒስ ፓርችማን የቤት ሠራተኛ ናት፤ ማንበብና መጻፍ አትችልም። መጽሐፉን የሚያስጨርሰን ይህ ገመናዋ እንዳይወጣ የምታደርገው ጥንቃቄ ነው። የደራሲው ሲምኖን ገጸ ባሕርይ ኪስ ፖፒንጋም (1938) ገድሎ ፓሪስ ከተደበቀ በኋላ ስለ እሱ የተሳሳተ ወሬ ለሚያወጡ ጋዜጦች እርማት ይልካል። ሁለቱም አይለፈልፉም፤ እንዲያውም ከጤነኛው በላይ ሥርዓት ያበዛሉ። ጨርቁን ለጣለ ገጸ ባሕርይ የተበጣጠሰ ዓረፍተ ነገር የሚያድል ደራሲ ባየሁ ቁጥር እነዚህን አስነብቡት እላለሁ።

ሆኖም ለሁለቱ ጸጥ ያለ አገር በነጻ ተሰጥቷቸዋል። በፖፒንጋ ከተማ በግሮኒንገን የእሱ መዛነፍ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ የምጽፈው ስለ ሱዳኗ ገዳሪፍ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ በመተማ አድርጎ ገላባት የተሻገረ ጎልማሳ «ሰዎች ይከተሉኛል» ቢል ምን ይደንቃል? ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የለውም፤ ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) አለ፤ አሳልፎ የሚሸጥ ደላላ አለ። ከ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ፍርሃቱ ወዲህም ይሻገራል፤ ወደ እኛ የሸሹ ሱዳናውያን በ2024 ጥቃትና ዝርፊያ ሲበዛባቸው ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች ወጥተዋል። እዚህ የሚያሳስበኝ የማይጠራጠረው ሰው ነው።

ስለዚህ የገጸ ባሕርዬን ሕመም በሚፈራው ነገር መለካት ተውኩ። የማየው ፍርሃቱ ሊለቀው ሲገባ የሚሆነውን ነው። ወረቀቱ ተሟልቶ፣ የጉልበቱ ተከፍሎት፣ ያገሩ ልጆች መካከል ሲያርፍ ጤነኛው እንቅልፍ ይወስደዋል። የእኔ ሰው ግን ቡና የምታፈላው ሴት መልሱን ሳታጎድል ስለሰጠችው «ዛሬ ለምን አላጎደለችም?» ሲል ያድራል። ብታጎድልም ያው ነበር።

ተራኪዬም እሷው ሆነች። ከነጋ እስኪመሽ ፈሪ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ስታይ ስለምትውል፣ የትኛው ፍርሃት ምክንያቱን እንደለቀቀ ታውቃለች። ጎረቤቶች ዛር ነው ይላሉ፤ ዛር ጎንደርም ሱዳንም ስለሚታወቅ በሁለት ቋንቋ ይሉታል፤ ይበሉ። እሷ ግን እንዲያ ብላ ነገሩን እንድትዘጋው አልፈቅድም፤ በሕክምና ስምም ቢሆን።

የቀረው መርማሪው ነበር። ሲምኖን ለሌሎች መጻሕፍቱ መርማሪው ሜግሬ አለው። ያለ ወረቀት የሚኖር ምስክር ግን ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ አይደርስም። ማን መቼ እንደመጣ የምታስታውሰው፣ የዱቤ ደብተርም ያላት እሷ ስለሆነች ምርመራውንም ለእሷ ሰጠኋት።