ከሙላቱ አስታጥቄ ሸክላዎች አንዱን ስለ መምረጥ

ከአንድ ሰው ሥራዎች መካከል አንዱን ብቻ ምረጡ የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ነገሩ የጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን መራጩ ምክንያቱን መናገር በጀመረ ጊዜ የሚገለጸው የሙዚቀኛው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የራሱ የመራጩ ጆሮ ጭምር ነው። በአሜሪካ የጃዝ ወዳጆች ስለ ጊታረኛው ስለ ዌስ ሞንትጎመሪ እንዲህ ያለ ክርክር ሲከራከሩ ኖረዋል። እኩሌቶቹ በ1960 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የመታውን ሸክላ ያስቀድማሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ በ1968 ከመሞቱ በፊት በብዙ ቫዮሊን ታጅቦ ያወጣቸውን ለስላሳ ዜማዎች ይወዳሉ። ክርክሩ ሲመረመር ስለ ጊታር አይደለም፤ ሙዚቃ የሚመታው ለማን ነው የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።)

ይህ ጥያቄ ወደ እኛ የመጣው በቋራ ወረዳ ከተማ በገለጉ፣ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ ገበያው የሞቀበት ወራት ስለ ነበረ ከየአገሩ ለሥራ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ጊታረኛ ባይሆንም በጃዝ ስሙ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የገነነው ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ ሸክላዎች የቱ ይበልጣል ተባለና ነገሩ ተጀመረ። ሸክላ እንላለን እንጂ የምንሰማው ከአንድ የእጅ ስልክ ነው፤ ይህም ክርክሩን አላበረደውም።

ከነበርነው ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ማመንታት የጠሩት በ1998 በፈረንሳይ አገር የወጣውን፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ነበር። ይህን ተከታታይ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለአገራችን ሙዚቃ ያደረገው ውለታ የሚካድ አይደለም። ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ዜማዎች ካስገባ በኋላ ደግሞ ጃዝ ምን እንደ ሆነ ያልጠየቀ ሰው ሳይቀር «የከርሞ ሰው»ን ያፏጭ ጀመር። እኛ ግን ይህን ምርጫ አልተቀበልነውም። ስብስብ ከብዙ ማሳ የታጨደ ነዶ ነው፤ ነዶው ያማረ ቢሆንም የአንዱን ማሳ ጠባይ አያሳይም። አንድ ሸክላ ምረጡ ሲባል ስብስብን መጥራት ሳይመርጡ ማለፍ ነው።

በጅማ የተወለደው ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላከው ለምሕንድስና ትምህርት ነበር። ሙዚቃ አሸንፎት በሎንዶን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተማረ። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ቅጾች አወጣ። እነዚህ የወጣት ሥራዎች ናቸው፤ የላቲን አሜሪካ ከበሮ ገኖባቸው የኢትዮጵያ ዜማ እንደ እንግዳ ከበር አጠገብ ተቀምጧል። ከመካከላቸው አንድ የቆየ የጦረኛ ዘፈን በእስፓኝኛ ቃል መዘፈኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

እንግዲህ እውነተኛው ክርክር የሚቀረው በሁለት ሸክላዎች መካከል ነው። አንደኛው በ1972 በኒው ዮርክ የተቀዳው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ነው። ሁለተኛው በ1974 በአምኃ እሸቴ ማሳተሚያ የወጣው፣ ፈቃዱ አምደ መስቀል በሳክስፎን የተሳተፈበት «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ነው።

አብሮን የነበረ አንድ መምህር ለሁለተኛው አጥብቆ ተሟገተ። ክርክሩም ቀላል አልነበረም። በኒው ዮርክ የመቱት ሰዎች፣ ምንም ያህል የሠለጠኑ ቢሆኑ፣ አምስቱን የዜማ ድምፆች ከወረቀት ላይ ያነበቡ ናቸው፤ ፈቃዱ ግን ትዝታንና አንቺ ሆዬን ከመማሩ በፊት የሰማ ሰው ነው ይላል። እውነት ነው። የፈቃዱ ሳክስፎን እንጉርጉሮ ያውቃል፤ ድምፁን አንሥቶ በመካከል ሲሰብረው የአገር ሰው መሆኑ ያስታውቃል። አብዮቱ የፈነዳበትን ወር ስም የተሸከመው «የካቲት»ም የዘመኑ ድንጋጤ ያለበት ነው። ለሙዚቀኞች ብቻ የምንጽፍ ብንሆን ኖሮ እኛም ከመምህሩ ጋር በቆምን ነበር።

ነገር ግን እኛን የያዘን ሌላ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ዜማ ከጥንት ጀምሮ የቃል ሎሌ ነው። አዝማሪ መሲንቆውን የሚመታው ግጥሙን ለማስቀመጥ ነው፤ አድማጭም ከግብዣው ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ሰሙንና ወርቁን እንጂ የጣቱን አረማመድ አይደለም። ቃል የሌለው ሙዚቃ በራዲዮ ሲመጣ «ዘፋኙ መቼ ይጀምራል?» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የሙላቱ ከባዱ ሥራ ቫይብራፎንን ከአምባሰል ጋር ማስማማት ብቻ አልነበረም፤ ቃል የለመደን ጆሮ ያለ ቃል ማስቀመጥ ነበር። በ1966 በእስፓኝኛ ያዘፈነው ሰው በ1972 ዘፋኙን ጨርሶ አስወጣው። በዚህም ያላወቅነውን ዜማ አላመጣብንም። ከሰባቱ ዜማዎች መካከል «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን አስገባ።

ይህ በየሠርጉ የሚዘፈን፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ዜማ ነው። በሸክላው ላይ የሚቆየው ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው። እልልታ የለም፤ ጭብጨባ የለም፤ ሚዜም ሙሽራም የለም። የተረፈው ጥያቄው ብቻ ነው። በሠርግ ቤት ጥያቄው በሁካታ ስለሚዋጥ መልስ የሚፈልግ አይመስልም፤ እዚህ ግን እየተመላለሰ ይጠይቃል፤ ስትዳር የምትሄደውን ልጅ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ እናያታለን። በዚያ ምሽት ይህ ዜማ በስልኩ ሲያልፍ ሻይ ቀጂዋ ማን እንደ መታው ሳትጠይቅ፣ ብርጭቆ እያጠበች ቃሉን ከሥር ከሥር ታስገባለት ጀመር። አዝማሪ ግጥም ሲሰጠው እንደሚቀበል የታወቀ ነው፤ ሙላቱ ነገሩን ገልብጦ መሣሪያው እንዲጠብቅ፣ አድማጩ ግጥሙን እንዲሰጥ አደረገ። የፓሪስ ወይም የኒው ዮርክ አድማጭ ይህን ሸክላ ሊወደው ይችላል፤ ይህን ክፍል ግን ሊሰማው አይችልም። እኛ ከውጭ አገር ሰዎች የተለየ ምርጫ እንድንመርጥ የሚያስገድደንም ይኸው ነው።

ቆላው ለዚህ ዐይነት አሰማም እንግዳ አይደለም ስንል ለአገሩ ማድላታችን አይደለም። ከመተማ ማዶ ጋላባት ነው፤ የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ዘፈኖች ድንበሩን የተሻገሩት ከእኛ ዕድሜ በፊት ነው። በሠርግ ላይ ለወርዲ ዜማ ትከሻውን የሚነቀንቅ ሰው ሁሉ ዐረብኛውን ጠንቅቆ ያውቃል ማለት አይደለም። የሱዳን ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለ ሆነ ቃሉ ቢያመልጥ መንገዱ አይጠፋም። የጊታር ነገር ከተነሣም የኦምዱርማኑ ሸርሐቢል አሕመድ አለ። በሱዳን ጃዝ የተባለውን በጊታርና በነፋስ መሣሪያ የሚመታ የጭፈራ ሙዚቃ ካስጀመሩት አንዱ ሲሆን፣ የቀድሞ ቅጂዎቹ በ2020 ተሰብስበው እንደገና ታትመዋል። በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል የተሻገረው ስደተኛ ብዙ ነው፤ ከሸሹት ጋር ዘፈኑም አብሮ መጥቷል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው የሌላውን ቋንቋ በዜማው ብቻ መከተል ከለመደ፣ የራሱን ዘፈን ያለ ቃል መስማት አያቅተውም።

ሸክላው እንከን የለበትም አንልም። የመጨረሻውና ከሁሉ የሚረዝመው «ጭፈራ» ከስሙ ያነሰ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲሄድ ትከሻ የሚያስነሣ ቦታ እየጠበቅን ጨረስነው። «ደወል» ግን በጎ ነው፤ «መስከረም ሲጠባ»ም አጭር ሆኖ ሳለ ያጠግባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በሽፋኑ ላይ ያለው የስሞቹ አጻጻፍ ነው። «ኩሉን ማን ኳለሽ» በላቲን ፊደል እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ስለ ተጻፈ፣ አንባቢው ባዕድ ስም መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ሸክላው በ2017 በሎንዶን እንደገና ሲታተም የብዙ ሰው ጆሮ አገኘ፤ ርእሶቹን ግን በአማርኛ ፊደል አሳምሮ የሚያወጣ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር።

መምህሩ አሁንም በ1974ቱ ጸንቷል። ፈቃዱን ስላላከበርን ተቀይሞናል፤ ማክበራችንን ከላይ ጽፈናልና ያንብበው። በጥር በሰፈሩ ሠርግ አለ፤ ሁለቱንም ሸክላዎች በድምፅ ማጉያ አሰምተን ሴቶቹ ለየትኛው ቃል እንደሚሰጡ ልናይ ተቀጣጥረናል።